ለ16 ዓመት ባለቤት ያጣ እግር

ኅዳር ላይ አንድ የቴሌግራም መልእክት ገባልኝ። «ቲቸር፣ ያ ቻርት አሁንም ተሰቅሏል?» ይላል። ከሥሩ አንድ ፎቶ አለ። ስምንት ትንንሽ አጥንቶች በእግር ቅርጽ ተደርድረዋል።

የላከችው የድሮ ተማሪዬ ናት። አሁን ዩኒቨርሲቲ ገብታለች። ከአምስት ዓመት በፊት እዚሁ ጅማ፣ የቅዳሜ የሳይንስ ክለባችን ውስጥ፣ በዚሁ እግር ተከራክረን ነበር። ክርክሩን እኔ አሸነፍኩ። ያሸነፍኩት ግን ጠመኔው እኔ እጅ ስለነበረ ነው።

ያኔ የተሳሳትኩትን ከነጉዳዩ ልጻፈው። ጉዳዩ የቡርተሌ እግር ይባላል፤ አፋር ውስጥ የተገኘ፣ የጥንት ሰው መሰል ፍጡር እግር ነው። ዓመቶቹን ሁሉ በፈረንጆች አቆጣጠር ነው የማስቀምጠው፤ ከጥናቶቹ ጋር እንዳይጋጭብኝ።

ወረፋው

የጥንት አያቶቻችንን በየዘመናቸው የሚያሳየውን ቻርት የሠራነው አራት ትልልቅ ወረቀቶችን በማስቲሽ አጣብቀን ነው። ከግራ ወደ ቀኝ፣ ከቆየው ወደ ቅርቡ ይሄዳል። አርዲ የተባለችው የአፋር ጥንታዊ አጽም በ4.4 ሚሊዮን ዓመት ትጀምራለች። ድንቅነሽ፣ ማለትም ሉሲ፣ 3.2 ሚሊዮን ገደማ ላይ ትቆማለች። የዲኪካዋ ሕፃን ሰላም በ3.3 ሚሊዮን ከአጠገቧ አለች። መጨረሻ ላይ የኦሞ ኪቢሽ ሰዎች ይመጣሉ፤ እነሱ እንደኛው ሆሞ ሳፒየንስ ናቸው። በ1967 የተገኙት የኪቢሽ አጥንቶች ቢያንስ 233 ሺህ ዓመት እንደሚሆናቸው በ2022 የወጣ ጥናት አሳይቷል።

ልጆቹ ኦሞ ላይ ስንደርስ ሁሌም ይነቃሉ። ጅማ ላይ የዘነበው ዝናብ በጊልጌል ጊቤ አድርጎ ኦሞ ይገባላ። «ታዲያ አጥንቶቹን ያጠብናቸው እኛ ነን» ያለኝ ልጅ አለ።

ቻርቱ ያምር ነበር። ችግሩ የዳቦ ወረፋ መምሰሉ ነው። አንዱ ከሌላው ኋላ ተሰልፎ፣ የፊተኛው ሲሄድ የኋለኛው ቦታውን ይይዛል። በ2015 ስም የወጣለት አውስትራሎፒቴከስ ደይሬመዳ የተባለ ዝርያ ነበር። ቦታ አልበቃንም ብዬ ተውኩት። እውነቱን ለመናገር ቦታ ሞልቶ ነበር። ደይሬመዳ ከሉሲ ዘመዶች ጋር በአንድ ዘመን የኖረ ስለሆነ ወረፋዬን ያበላሽብኛል።

በዚህ መሃል ነው የእግሩ ሥዕል የመጣው። ዕድሜው 3.4 ሚሊዮን ዓመት ነው ይላል። የሉሲ ዝርያ፣ አውስትራሎፒቴከስ አፋረንሲስ፣ ከ3.9 እስከ 3 ሚሊዮን ዓመት ገደማ ድረስ ኖሯል። 3.4 እዚያ መሃል ይወድቃል። አበቃ። ማስቲሽ ቀባሁና ከሉሲ ሥር ለጠፍኩት።

«ቲቸር፣ አውራ ጣቱ እኮ ወደ ጎን ነው የወጣው» አለች ልጅቷ። «የሉሲ ወገኖች አውራ ጣት እንደኛው ወደ ፊት ነው ብለውናል።»

«ዕድሜው ይገጥማል» አልኳት።

ስምንት አጥንት

እግሩ የተገኘው በ2009 ነው። ቦታው አፋር፣ ወራንሶ ሚሌ የሚባለው የጥናት አካባቢ፣ ቡርተሌ የተባለች ሥፍራ ናት። ሉሲ በ1974 ከተገኘችበት ከሐዳር ወደ ሰሜን ነው፤ ያን ያህል አይርቅም። የጥናት ቡድኑ መሪ ዶክተር ዮሐንስ ኃይለሥላሴ ናቸው። በ1994 የአርዲን አጽም የመጀመሪያዎቹን ስብርባሪዎች፣ የእጅ አጥንት፣ ከመሬት ላይ ለይተው ያዩትም እሳቸው ነበሩ። ለእንዲህ ዓይነት ነገር ዓይን ያላቸው ሰው ናቸው ማለት ነው።

የተገኘው የቀኝ እግር የፊተኛው ክፍል ነው። ተረከዝ የለም። ቁርጭምጭሚት የለም። ራስ ቅልም ጥርስም አብሮ አልተገኘም። ስምንት አጥንት ብቻ።

ዕድሜው የታወቀው ከአጥንቱ አይደለም። በአፋር በየደለሉ መሃል የእሳተ ገሞራ አመድ ንጣፍ አለ። አመዱ ውስጥ ያለው ፖታሲየም ቀስ እያለ፣ በታወቀ ፍጥነት፣ አርጎን ወደሚባል ጋዝ ይለወጣል። ዓለቱ ሲቀልጥ የቀድሞው ጋዝ ይወጣል፤ ሲቀዘቅዝ ደግሞ አዲሱ መጠራቀም ይጀምራል። ስለዚህ የተጠራቀመው ሲለካ አመዱ መቼ እንደወደቀ ይታወቃል። አጥንቱ ከየትኛው ንጣፍ በላይ፣ ከየትኛው በታች እንደነበር ከታየ ዕድሜው ይገመታል። እኔን ያሳሳተኝ ይሄ ነው። ቁጥሩ አስተማማኝ ሲሆን ሌላውንም የሚነግረኝ መሰለኝ። ቁጥሩ የሚናገረው ግን መቼ እንደኖረ ብቻ ነው።

ማን እንደሆነ ለመገመት ቅርጹን ማየት ያስፈልጋል። የቡርተሌው አውራ ጣት አጭር ነው። ከሌሎቹ ጣቶች ተለይቶ ወደ ጎን ይወጣል። እንደ እጅ አውራ ጣት ቅርንጫፍ መጨበጥ ይችላል። የአርዲም እግር እንዲህ ነበር። የሉሲ ዝርያ ግን አውራ ጣቱ ከሌሎቹ ጋር ተሰልፏል። ከሐዳር የተገኘ የአፋረንሲስ አራተኛ የእግር መዳፍ አጥንት በ2011 ታትሞ ነበር፤ ውስጠ እግራቸው እንደኛ ቅስት እንደነበረው ያሳያል። የቡርተሌው እግር ቅስት ያለው አይመስልም።

ስለዚህ በ2012 ግኝቱ ሲታተም ቡድኑ የሉሲ ዝርያ እግር እንዳልሆነ ተናገረ። በዚያ ዘመን፣ በዚያው አካባቢ፣ ሌላም በሁለት እግሩ የሚሄድ ፍጡር ነበር ማለት ነው። ስም ግን አላወጡለትም። የጥንት ሰው ዝርያ በብዛት የሚለየው በራስ ቅል፣ በመንጋጋና በጥርስ ነው። ስምንት የእግር አጥንት ይዞ አዲስ ስም ማውጣት አያዋጣም።

የሚገርመኝ የ2015ቱ ነው። እዚያው ወራንሶ ሚሌ፣ በዚያው ዘመን ደለል፣ መንጋጋዎችና ጥርሶች ተገኙ። የላይኛው መንጋጋ የተገኘው በ2011 ነበር። ለዝርያው አውስትራሎፒቴከስ ደይሬመዳ የሚል ስም ወጣለት። ደይሬመዳ በአፋርኛ የቅርብ ዘመድ ማለት ነው። ባለቤት ያጣ እግር አለ፤ እግር ያጣ መንጋጋ አለ። ሠፈራቸውም አንድ ነው። እኔ ብሆን በዚያው ቀን አጋባቸው ነበር። ቡድኑ ግን እግሩን ከስሙ ጋር አላያያዘም። ሌላ አሥር ዓመት ጠበቁ።

ጭቃው ላይ

መልእክቱ ከደረሰኝ በኋላ ባለው ቅዳሜ ከአዲሶቹ የክለቡ ልጆች ጋር እግር ማጥናት ጀመርን። ያለ ወቅቱ ዘንቦ ስለነበር ግቢው ጭቃ ነው። የጅማ ጭቃ ጫማ ሲያበላሽ እንጂ ሲያስተምር አይቼው አላውቅም ነበር። ጫማ አውልቀን ሄድንበት።

ዱካውን ጎንበስ ብላችሁ ካያችሁት ተረከዙ ጋ ይጠልቃል። መሃል ላይ ባዶ ነገር አለ፤ ቅስቱ ነው። ከዚያ አውራ ጣቱ ሥር እንደገና ይጠልቃል። እግራችን ከመሬት ከመነሳቱ በፊት መጨረሻ ላይ የሚገፋን እሱ ነው። ሁለት ልጆች መሃሉ ባዶ አልሆነላቸውም። ጠፍጣፋ እግር ናቸው። «እኛ ቡርተሌ ነን» እያሉ ግቢውን አመሱት። አውራ ጣታቸው ግን ቦታው ላይ ነበር።

ከዚያ አውራ ጣታችሁን ወደ ላይ አንስታችሁ ሂዱ አልኳቸው። እናንተም እቤት ሞክሩት። መራመድ ይቻላል፤ ግን ክብደቱ ወደ ሁለተኛው ጣት ይሄዳል፣ እርምጃው ያጥራል፣ ሰውነት ወደ ውጭ ያዘነብላል። የቡርተሌው ፍጡርም በሁለት እግሩ ሲሄድ ራሱን የሚገፋው ከሁለተኛው ጣት ሳይሆን አይቀርም ይላሉ አጥኚዎቹ። እርግጥ እሱ አልተቸገረም፤ የተፈጠረበት ነው። ሦስት ልጆች ጭቃው ላይ ወደቁ። ወላጆች ደወሉልኝ፤ እሱን እንለፈው።

አንዲት ተማሪ አያቷን ይዛ መጣች። ከከተማ ወጣ ብለው የሚኖሩ ሽማግሌ ናቸው። ዕድሜያቸውን ሙሉ ረጃጅም ዛፍ ላይ ቀፎ ሲሰቅሉና ማር ሲቆርጡ ኖረዋል። ቦቲ ጫማቸውን ሲያወልቁ ልጆቹ ዝም አሉ። እግራቸው ሰፊ ነው፤ ጣቶቻቸው ተበታትነዋል። ዕድሜውን በባዶ እግሩ የሄደ ሰው እግር እንዲህ ነው።

«አባባ፣ ዛፍ ሲወጡ በጣትዎ ነው የሚይዙት?» ብሎ ጠየቀ አንዱ።

ሳቁ። «ጣትማ ምን ይይዛል ልጄ። ገመዱ ነው የሚይዘው። እግርህን ግንዱ ላይ ትለጥፍና ቁርጭምጭሚትህን ታጥፋለህ። ያንተ አይታጠፍም፤ የኔ ይታጠፋል።» ታጠፈ። የእግራቸው ጀርባ ወደ ቅልጥማቸው ሲጠጋ አየን። አንዱ ልጅ ሊያደርገው ሞክሮ ወደ ኋላው ሄደ።

ሽማግሌው ሳያውቁት አንድ ጥናት ነበር የነገሩን። በ2013 የታተመ ነው። በዩጋንዳ የሚኖሩ ትዋዎች ለማር ብለው ዛፍ ይወጣሉ። ቁርጭምጭሚታቸው ከሌላው ሰው እጅግ በበለጠ ይታጠፋል። ዛፍ ከማይወጡ ጎረቤቶቻቸው ጋር ሲነጻጸሩ የባታቸው የጡንቻ ክር ረዘም ያለ ነው። አጥንታቸው ግን እንደኛው የእግረኛ አጥንት ነው። ከዚህ የምንወስደው ነገር ሉሲን ይመለከታል። አውራ ጣቷ አይጨብጥም ብለን ዛፍ አትወጣም ነበር ማለት አንችልም። እንዲያውም በ2016 ከዛፍ ወድቃ ነው የሞተችው ያሉ ተመራማሪዎች አሉ፤ ብዙዎቹ የሙያ ባልደረቦቻቸው አልተቀበሏቸውም። የሚጨብጥ አውራ ጣት ሲገኝ ግን ነገሩ ይጠነክራል። እንዲህ ያለ ጣት ይዞ ዛፍ ላይ ጊዜ አያሳልፍም ማለት ይከብዳል።

ጤፍና እንሰት

እግሩ ባለቤት ያገኘው በኅዳር 2025 ነው። ከተገኘ 16 ዓመት መሆኑ ነው። እንዴት አገኘ?

እግሩን ደጋግሞ በማየት አይደለም። ቡድኑ እዚያው ቡርተሌ እየተመላለሰ ሌላ ነገር ሲለቅም ነው። ሃያ አምስት ጥርሶች ሰበሰቡ። አራት ዓመት ተኩል ገደማ የሆነው የአንድ ሕፃን የታችኛው መንጋጋም ተገኘ። ዕድሜው የታወቀው በሲቲ ስካን ገና ያልበቀሉትን ጥርሶች መንጋጋው ውስጥ ባሉበት አይተው ነው። ጥርሶቹና መንጋጋው የደይሬመዳ ሆኑ። በዚያች ሥፍራ፣ በዚያው ንጣፍ፣ የሉሲ ዝርያ የለም። እንግዲህ እግሩ የማን ሊሆን ይችላል? ጎረቤቶቹን አንድ በአንድ ጠይቆ ባለቤቱን እንደማግኘት ነው።

ከሃያ አምስቱ ጥርሶች ከስምንቱ ትንሽ ኢናሜል፣ ማለትም የጥርሱ ጠንካራ ሽፋን፣ ተፍቆ ካርቦኑ ተለካ። ይሄንን ክፍል ልጆቹ በቀላሉ ገባቸው፤ ጅማ ውስጥ ምሳሌው በየማሳው ነው። ጤፍ፣ በቆሎና ማሽላ ካርቦንን ከአየር የሚወስዱበት መንገድ አንድ ዓይነት ነው። ቡና፣ እንሰት፣ አቮካዶና የጫካ ዛፎች በሌላ መንገድ ይወስዳሉ። የመጀመሪያዎቹ ከባዱን ካርቦን ትንሽ አብዝተው ይይዛሉ። ጥርስ ሲሠራ ልጁ የበላውን ይመዘግባል፤ ሦስት ሚሊዮን ዓመት ቢያልፍም መዝገቡ አይጠፋም። አንዱ ልጅ ወዲያው «የኔ ጥርስ እንጀራ ይላል» አለ። ልክ ነው።

የሉሲ ዝርያ ከሁለቱም ወገን ይበላ ነበር። ከዛፍና ከቁጥቋጦም፣ ከሣር ወገንም። ደይሬመዳ ግን እንደነ አርዲ በአብዛኛው ከዛፍና ከቁጥቋጦ ወገን ይበላ ነበር። ከእግሩ ጋር ስታስተያዩት ያስኬዳል። አንዱ ዛፉን ሳይለቅ ሌላው ዛፉንም ሜዳውንም ይጠቀማል። ሁለት ዝርያዎች በአንድ ዘመን፣ በቅርብ ርቀት፣ ሳይጠፋፉ እንዴት እንደኖሩ ትንሽ ፍንጭ ይሰጣል።

ነገሩ እዚህ ላይ አለቀ እንዳትሉ። መንጋጋውና እግሩ ከአንድ አካል የወጡ አይደሉም። ደይሬመዳ ራሱን የቻለ ዝርያ መሆኑን ከመጀመሪያው ያልተቀበሉ፣ የአፋረንሲስ መለያየት ነው ያሉ ተመራማሪዎችም አሉ። እኔ የ2025ቱን ማስረጃ አምኜዋለሁ። ማስቲሽ ግን አላበዛበትም።

ለልጆቹ አንድ ተመሳሳይ ታሪክ ነገርኳቸው። ታንዛኒያ ውስጥ ላኤቶሊ በሚባል ቦታ፣ ዝናብ በነካው የእሳተ ገሞራ አመድ ላይ 3.66 ሚሊዮን ዓመት የቆዩ ዱካዎች አሉ። የእኛን የግቢ ጭቃ አስቡት፤ ደርቆ ድንጋይ ሆኖ። በ1978 የተገኙት ታዋቂዎቹ ዱካዎች የአፋረንሲስ ናቸው ይባላል። ከዚያ ቀደም ብሎ በ1976 የተገኙ ሌሎች ዱካዎች ግን ቅርጻቸው ግራ ስላጋባ፣ ድብ በኋላ እግሩ ቆሞ ሲሄድ የተወው ይሆናል ተብለው ነበር። እንደገና ተጠርገው ተለኩ፤ በ2021 የወጣው ጥናት የድብ አይደሉም አለ። ሌላ በሁለት እግሩ የሚሄድ፣ አረማመዱ ለየት ያለ ፍጡር ዱካ ነው ተባለ። እሱም እስከ ዛሬ ስም የለውም።

ከዚህ ሁሉ ስለ አያቶቻችን ምን አወቅን? በሁለት እግር መሄድ አንድ ጊዜ ተጀምሮ በአንድ መንገድ የተሻሻለ ነገር አልነበረም። አርዲ ከሞተች አንድ ሚሊዮን ዓመት ካለፈ በኋላ እንኳ የሚጨብጥ አውራ ጣት ያለው ፍጡር አፋር ውስጥ ይራመድ ነበር። ጎረቤቱ የሆነው የሉሲ ዝርያ ደግሞ እንደኛ ዓይነት እግር ነበረው። በኋላም ቢሆን እንዲሁ ነው። ሌዲ ገራሩ በተባለው የአፋር ሥፍራ የተገኙ 13 ጥርሶች በ2025 ይፋ ሆነዋል። ከ2.8 እስከ 2.6 ሚሊዮን ዓመት ባለው ጊዜ የእኛ የሆሞ ወገንና አንድ የአውስትራሎፒቴከስ ዓይነት እዚያው አካባቢ ይኖሩ እንደነበር ያሳያሉ። ይሄኛው አውስትራሎፒቴከስ የሉሲ ዝርያ አይደለም። ስምም አልወጣለትም፤ ጥርስ ብቻውን አይበቃም ብለዋል። ቀጥተኛ አያታችን ከእነዚህ የትኛው ነው ለሚለው የተቆረጠ መልስ የለም።

«ሰው ከዝንጀሮ መጣ ወይ?» የሚለው ጥያቄ በየዓመቱ ይመጣል፤ ዘንድሮም መጣ። ክፍሌ ውስጥ መስጊድ የሚሄድም ቤተ ክርስቲያን የሚሄድም አለ። የማንንም እምነት አልነካም። ዛሬ ያለው ዝንጀሮ የማንም አያት እንዳልሆነ፣ ሳይንሱም እንዲህ እንደማይል ብቻ እነግራቸዋለሁ። ከዚያ ወደ አጥንቱ እንመለሳለን። አጥንት ላይ ሲሆን ክርክሩ ይበርዳል።

አሮጌውን ቻርት ለማውረድ ወሰንን። እግሩን ከሉሲ ሥር ልንነቅለው ስንል ማስቲሹ እምቢ አለ። ስንጎትተው የሉሲ ጉልበት አብሮ ተቀደደ። አዲሱን ልጆቹ ራሳቸው ሠሩት። ለእያንዳንዱ ዝርያ ወረቀት በቁመቱ ቆርጠው፣ የኖረበትን ዘመን ያህል አርዝመው፣ ጎን ለጎን ሰቀሉት። የሚደራረቡት ይደራረባሉ። ወረፋ የለም። እግሩን ከደይሬመዳ ጎን በእስፒል ሰካነው፤ ነገ ይነሳ ይሆናል። የሌዲ ገራሩን ጥርሶች ከጠርዙ ውጭ፣ ግድግዳው ላይ ለብቻቸው አደረግናቸው።

ፎቶ አንስቼ ለድሮ ተማሪዬ ላክሁላት። ልክ ነበርሽ ብዬም ጻፍኩ። አምስት ዓመት ዘግይቶም ቢሆን።

ወዲያው መለሰች። «ሰላምስ?»

«ደኅና ነኝ፣ ሰላም ነው» አልኳት።

«አይ ቲቸር፣ የዲኪካዋ ሰላም። ቻርቱ ላይ የለችም።»

ዞር ብዬ አየሁት። እውነትም የለችም።